ተከታታዩን አስሮ ያቆየው ዘፈን

ጠጋ በሉ። ይህ ኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ እርስ በርስ የምናወራው እንጂ ፖስተር ላይ የሚጻፍ ነገር አይደለም። አንድ የተወደደ የቤተሰብ ድራማ በቴሌቪዥን ታይቶ ካለቀ በኋላ ለዓመታት በዲቪዲ ሳይወጣ ሲቀር፣ ተመልካቹ «ረስተውት ነው» ወይም «ገዢ የለውም ብለው ነው» ይላል። ብዙ ጊዜ ግን ይዞ ያስቀረው ዘፈን ነው።

ለዚህ ከ«ዘ ወንደር ይርስ» የተሻለ ማሳያ አላውቅም። ኒል ማርለንስና ካሮል ብላክ የፈጠሩት ይህ የአሜሪካ ተከታታይ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 1988 በኤቢሲ ጣቢያ፣ ልክ ከሱፐር ቦውል ጨዋታ በኋላ ጀመረ። በ6 ምዕራፍ 115 ክፍል ታይቶ በ1993 አለቀ። የመጀመሪያው ምዕራፍ 6 ክፍል ብቻ ነበረው፤ በዚያችው የኤሚን የምርጥ ኮሜዲ ሽልማት ወሰደ። ኮሜዲ ይባል እንጂ የቤተሰብ ታሪክ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ከከተማ ዳር ባለ ሰፈር የሚያድገው ኬቨን አርኖልድ፣ ከሥራ ደክሞ ገብቶ ዝም የሚል አባቱ፣ መሃል ገብታ የምታበርድ እናቱ፣ ከአባቷ ጋር የማትስማማ እህቱ፣ እረፍት የሚነሳው ታላቅ ወንድሙ። የሳቅ ድምፅ አልተለጠፈበትም። ያደገው ኬቨን በዳንኤል ስተርን ድምፅ ይተርካል፤ ትረካው ሲያቆም ዘፈኑ ይረከባል።

የመጀመሪያውን ክፍል መጨረሻ አስታውሱ። የጎረቤቷ ልጅ የዊኒ ታላቅ ወንድም ቬትናም ላይ መሞቱ ተሰምቷል። ኬቨን ሊፈልጋት ወጥቶ ጫካው ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ ያገኛታል። የሚለው ነገር ይጠፋዋል። ጃኬቱን አውልቆ ያለብሳታል፤ ከሥር የፐርሲ ስሌጅ «ዌን ኤ ማን ላቭስ ኤ ውማን» ይገባል። ኤዲተር ሆኜ ሳየው፣ እዚያ ጋ ሥዕሉና ዘፈኑ አንድ ላይ ነው የሚተነፍሱት። ዘፈኑን አውጥታችሁ ሌላ ብትከቱበት ሥዕሉ ያው ነው፤ የልጆቹ ዝምታ ግን ሌላ ዝምታ ይሆናል።

ችግሩ የመጣው ከውሉ ነው። በ1980ዎቹ ለዘፈን የሚከፈለው በዋናነት ለቴሌቪዥን ሥርጭት ነበር። ሰው ገዝቶ ቤቱ ለሚያስቀምጠው ቅጂ እንደገና መደራደር፣ እንደገና መክፈል ያስፈልጋል። በዚያ ላይ አንድ ዘፈን ሁለት በር አለው። የተከታታዩን መክፈቻ ዘፈን ውሰዱ፤ «ዊዝ ኤ ሊትል ሄልፕ ፍሮም ማይ ፍሬንድስ»ን የጻፉት የቢትልሶቹ ሌኖንና ማካርትኒ ናቸው፣ እኛ የምንሰማው ቅጂ ደግሞ የጆ ኮከር ነው። የድርሰቱን ባለመብት ማስፈቀድ አንድ ነገር፣ የተቀረጸውን ድምፅ ባለቤት ማስፈቀድ ሌላ። አንዱ እሺ ብሎ ሌላው እምቢ ካለ ዘፈኑ የለም። ብዙ ጊዜ ደግሞ «ለሌላው ከእኔ የበለጠ ብትከፍል ለእኔም ያንኑ ትጨምራለህ» የሚል አንቀጽ ይገባል፤ አንዱ ዋጋ ሲያስጨምር የሁሉም ይጨምራል። ይህን በየክፍሉ ዘፈን በተጫነበት ተከታታይ አባዙት።

በ2011 ኔትፍሊክስ ላይ ሲወጣ የኮከር ድምፅ በሌላ ዘፋኝ ተተክቶ ነበር። ያ የአርኖልዶች ቤተሰብ ግቢያቸው ውስጥ የሚታይበት መክፈቻ፣ በማያውቁት ድምፅ! የሠሩትን ሰዎች አስቤ አዘንኩ።

መፍትሔው የመጣው በ2014 ነው፤ ተከታታዩ ካለቀ ከ21 ዓመት በኋላ። የታይም ላይፍ የቪዲዮ ክንፍ የሆነው ስታርቪስታ ሁሉንም ክፍሎች በ26 ዲስክ፣ የትምህርት ቤት ሎከር በሚመስል የብረት ሣጥን አድርጎ አወጣ። ከዘፈኖቹ አብዛኞቹ፣ የኮከሩም ጭምር፣ በነበሩበት ተመለሱ። ሙሉውን ለማይገዛም በየምዕራፉ ተሸጠ። እኔ ይህ የሆነው በአጋጣሚ አይመስለኝም። ታይም ላይፍ የድሮ ዘፈን ስብስብ ሲሸጥ የኖረ ድርጅት ነው፤ የትኛውን በር ማንኳኳት እንዳለበት ያውቃል።

ይህን የምነግራችሁ የእኛም ቤት ስለሆነ ነው። ዛሬ የአማርኛ ተከታታይ ድራማ «የቤት ቅጂ» ዩቲዩብ ነው፤ ዋሽንግተን ያለውም፣ ሪያድ ያለችውም የሚያዩት በስልካቸው ነው። ፕሮዲውሰሩ «ዘፋኙ ወንድሜ ነው፣ አይከለክለኝም» ብሎ ዘፈኑን ይከታል። በቴሌቪዥን ሲታይ የሚጠይቅ አይኖርም ይሆናል። ዩቲዩብ ላይ ሲጫን ግን የድምፅ መለያው ዘፈኑን ያውቀዋል፤ ወይ ገቢው ወደ ሌላ ይሄዳል፣ ወይ ድምፁ ይዘጋል። ያኔ ለኤዲተሩ ይደወላል፦ «ዘፈኗን ብቻ አውጣልን።» ከየት ላውጣት? ንግግሩና ሙዚቃው አንድ ትራክ ላይ ተደባልቀው ተቀምጠዋል። ዘፈኑ ሲወጣ የእናትየው ለቅሶ አብሮ ይወጣል። ተዋናይዋ ያን ቀን ያለቀሰችውን ለቅሶ ደግሞ ስቱዲዮ ጠርታችሁ አታስደግሟትም።

የዘፋኙ እሺታም ብቻውን አይበቃም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለድርሰቱ ባለቤት፣ ለከዋኙም፣ ለድምፅ ቅጂው አሳታሚም ለየራሳቸው መብት ሰጥቷል። ስለዚህ ግጥሙን የጻፈው፣ ዜማውን የሠራውና ካሴቱን ያሳተመው ሁሉ መጠየቅ አለባቸው፤ ወረቀቱም ላይ «በቴሌቪዥን» ብቻ ሳይሆን «በኢንተርኔትና ለሽያጭ በሚቀርብ ቅጂም» የሚል ቃል መግባት አለበት። ንግግር፣ ሙዚቃና ሌላው ድምፅ ደግሞ በየራሳቸው ትራክ ይቀመጡ። ሃርድ ዲስክ ላይ የሚይዙት ቦታ ትንሽ ነው።

በቅርቡ አንድ ወጣት ዳይሬክተር አዲስ የቤተሰብ ድራማ ስክሪፕት ይዞ መጣ። የልቅሶ ቤቱ ትዕይንት ላይ የድሮ ዘፈን እንዳሰበ ሲነግረኝ ዓይኑ ያበራ ነበር፤ ምርጫው እኔንም ነክቶኛል። ቡና ሳይቀርብ የግጥሙን ጸሐፊ ልጆች ስልክ መፈለግ ጀመርን።