ሽጉጡን ዘይት አታጠጡት

ሽጉጥ ማሽን ነው። ሞላ አለው፣ መርፌ አለው፣ እርስ በርሱ የሚፋተግ ብረት አለው፤ ስለዚህ ይቆሽሻል፣ ይደክማል፣ ይዝጋል። ከመንካት በፊት ካዝናውን ማውጣት፣ ቀጥሎም ወደ ኋላ ስቦ ጥይት አለመጉረሱን በዓይንም በጣትም ማረጋገጥ ማንም የሚያውቀው ነው ብዬ አልፈዋለሁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚያ በኋላ ባለው ላይ ነው፤ የትኛው ሽጉጥ ምን ዓይነት እንክብካቤ እንደሚፈልግ ለይቶ አያውቅም። ለሁሉም ያው ዘይት፣ ያው ጨርቅ።

የእኔ ልብ የሚያደላው ለማካሮቭ ነው። ኒኮላይ ማካሮቭ ነድፎት የሶቪየት ጦር እ.ኤ.አ. በ1951 የተቀበለው ይህ ሽጉጥ ዛሬም አገራችን ውስጥ በየቦታው አለ። ስምንት ጥይት ብቻ የሚይዝ፣ መልኩም ያረጀ ነው እያሉ የሚያናንቁት ብዙ ናቸው። ፈትተው ቢያዩት እንዲህ ባላሉ። መፍታቱ ደግሞ ቀላል ነው። የቃታውን ከለላ ወደ ታች ስቦ ወደ ጎን ማስደገፍ፣ ተንሸራታቹን የላይኛ ክፍል እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ስቦ ከበስተኋላው ብድግ ማድረግ፤ አለቀ። ካቻቪቴ አይጠይቅም፣ ቃታ መሳብም አይጠይቅም።

ውስጡ ሲታይ አንዱ ዕቃ የሦስቱን ሥራ ሲሠራ ታገኙታላችሁ። እጀታው ውስጥ ያለችው ዝርግ ሞላ መዶሻውን ትገፋለች፤ ቃታውን ወደ ቦታው የምትመልሰውም እሷው ናት፤ ታችኛው እጥፋቷ ደግሞ ካዝናው እንዳይወድቅ ቆልፎ ይይዛል። ጥይቱ ሲያልቅ ተንሸራታቹን ከኋላ የሚያቆመው ብረት፣ በኋላ ጫፉ ባዶውን ቀለህ መትቶ የሚያስወጣውም እሱው ነው። አፈሙዙ ከአካሉ ጋር ተጣብቆ የተሠራ ስለሆነ አይንቀሳቀስም። ሲተኮስም ተንሸራታቹን ለቅጽበት የሚያዘገየው የራሱ ክብደትና የሞላው ጉልበት ብቻ ነው፤ የሚቆላለፍ ጥርስ የለውም። የሌለ ጥርስ አይሸረፍም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። የማካሮቭ መርፌ መላሽ ሞላ የላትም። በተሠራላት ቀዳዳ ውስጥ ወዲያና ወዲህ በነፃነት ትንሸራተታለች። ሽጉጡን ፈትታችሁ፣ መጠበቂያውን ከፍታችሁ ተንሸራታቹን ጆሯችሁ አጠገብ ብትነቀንቁት ቀጭ ቀጭ ስትል ትሰማላችሁ። ይህ ድምፅ የጤንነት ምልክት ነው። ባለቤቱ ግን "ላልቷል" ብሎ ይሰጋና ዘይት ያንቆረቁርበታል።

አንድ ፈቃድ ያላቸው አዛውንት ገበሬ ማካሮቫቸው ጥይት እየደጋገመ እየከሸፈባቸው አሳዩኝ።

"ጋሼ፣ ዘይት ይቀቡታል?" አልኳቸው።

"እንዴታ ልጄ! በየሳምንቱ ነው የማጠጣው" አሉኝ፣ መጠየቄ ራሱ ቅር እያላቸው።

ተንሸራታቹን ነቀነቅኩት፤ ድምፅ የለም። መጠበቂያውን ነቅዬ መርፌዋን ስስባት እንደ ቆላ ማር ከሚጎተት ቡናማ ነገር ውስጥ ወጣች። የምግብ ዘይት ነው፤ ከአቧራና ከባሩድ ጥላሸት ጋር ተለውሶ ሙጫ ሆኗል። መዶሻው በሙሉ ኃይሉ ቢመታትም ጥይቱ ጋ የምትደርሰው ጉልበቷ አልቆ ነው። መርፌዋንም ቀዳዳውንም በነጭ ጋዝ አጥበን፣ በንጹሕ ጨርቅ አድርቀን፣ ጠብታ ዘይት ሳናስነካ መለስናት። ያ ሽጉጥ የፈለገው ጥገና ይህ ብቻ ነበር።

ከዚህ የከፋም አለ። መርፌዋ በሙጫው ተይዛ አፍንጫዋ ወደ ፊት እንደወጣ ከቀረች፣ ሲያቀባብሉ ገና ቃታው ሳይነካ ጥይቱ ሊባርቅ ይችላል። የመርፌ ቤት ደረቅ ይሁን የሚባለው ለማካሮቭ ብቻም አይደለም። የኦስትሪያ ጦር እ.ኤ.አ. በ1982 የመረጠው ግሎክም፣ አካሉ ከፕላስቲክ የተሠራና ጥቂት የዘይት ጠብታ ብቻ የሚበቃው ሆኖ ሳለ፣ የመርፌው ቤት ዘይት እንዲነካው አይፈልግም። ግሎክን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለመፍታት ቃታውን መሳብ ግድ ስለሆነ፣ ጥይት አለመጉረሱን ሳያረጋግጡ የሚፈቱት ሰዎች የገዛ እጃቸውን ይመታሉ።

ሁለተኛው የዘይት ተረት ከተኩስ በኋላ የሚመጣው ነው። ቶካሬቭ ያለው ሰው ይህን ልብ ብሎ ያንብብ። ቶካሬቭ በእጅ የሚከፈትና የሚዘጋ መጠበቂያ ባይኖረውም ለጥገና የተመቸ ነው፤ መዶሻውና አጋሮቹ በአንድ ላይ ተሰባስበው ብድግ ብለው ይወጣሉ። ችግሩ ያለው ጥይቱ ላይ ነው። በድሮ የሶቪየትና የምሥራቅ አውሮፓ ጥይቶች ቀለህ ግርጌ ያለችው ማቀጣጠያ ብዙውን ጊዜ ፖታሲየም ክሎሬት አለባት። ይህ ነገር ሲነድ ፖታሲየም ክሎራይድ ይሆናል፤ የወጥ ጨው የቅርብ ዘመድ ማለት ነው። ጨዉ በአፈሙዙ ጠመዝማዛ ቦዮች ውስጥ ይጋገራል፣ ከአየሩ እርጥበት ይስባል፣ ብረቱን ይበላል።

ጨው ደግሞ በዘይት አይሟሟም። ዘይቱ ከላይ ይሸፍነዋል እንጂ አያነሳውም፤ ጨዉ ከሥር ሆኖ ሥራውን ይቀጥላል። ባለቤቱ በማግስቱ አፈሙዙን ወደ ብርሃን አድርጎ ሲያይ ቀይ ነገር ያገኛል፣ ዘይቱ መጥፎ ነው ብሎ ሌላ ዘይት ይገዛል። መድኃኒቱ ግን ከጓዳ አይጠፋም፤ የፈላ ውኃ ነው። የእንግሊዝ ጦር ወታደሮች በጠመንጃቸው አፈሙዝ ውስጥ በማንቆርቆሪያ አፍ የፈላ ውኃ ያፈሱ የነበረው ለዚህ ነው። ውኃው ጨዉን ያሟሟል፤ ሙቀቱ ደግሞ ብረቱን ስለሚያግለው ቶሎ ይደርቃል። በደንብ ከደረቀ በኋላ ነው ስስ ዘይት የሚቀባው። "ውኃ ብረት ላይ?" ብሎ የሚደነግጥ ሁልጊዜ አለ። የሚዝገው ሳይደርቅ የቀረ ብረት ነው፤ በፈላ ውኃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ስስ ዘይት የተቀባ አፈሙዝ በቀላሉ አይዝግም።

ሪቮልቨር፣ ብዙ ሰው ስድስት ጎራሽ የሚለው፣ ሌላ ዓይነት ነገር ነው። ሳጥን ውስጥ ዓመታት ቢረሳ ሲነሳ ይተኩሳልና ጥገና አይፈልግም ይባላል። ውስጡ ግን በቀጫጭን ብረቶች የተሞላ ነው። ተሽከርካሪው ክፍል ከአፈሙዙ ጋር በትክክል እንዲገጥም የሚያደርጉት ብረቶች ከተበሉ ጥይቱ ጥግ እየመታ ይገባል። ቀለሁን በሚገፋው ኮከብ ሥር አንዲት ያልነደደች የባሩድ ፍሬ ከገባች ደግሞ ጭራሹኑ አልዞር ይላል። እባካችሁ፣ ፊልም አይታችሁ ተሽከርካሪውን በእጅ ውርወራ አትዝጉት፤ የሚሸከመው ክንድ ይጣመማል።

ስታር የስፔን ሥራ ነው፤ ጠንካራና ደስ የሚል ሽጉጥ ነው። ፋብሪካው ግን እ.ኤ.አ. በ1997 ተዘግቷል። ስለዚህ የስታር ጥገና ማለት መለዋወጫ ፍለጋ ነው፤ ባዶውን ቃታ እየሳቡ መጫወት መርፌውን ሊሰብር ስለሚችል ባለቤቱ ይህን ልማድ ይተው። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1985 የተቀበለው ቤሬታ 92 በአፈሙዙ ሥር የሚቆላለፍ ብረት አለው፤ ከብዙ ሺህ ጥይት በኋላ ሊሰነጠቅ ስለሚችል በየጊዜው መታየትና መለወጥ አለበት። ማካሮቭ የዚህ ዓይነት ጣጣ የለበትም፤ ለዚህም ነው የማዳላለት።

መተኮስ ሽጉጥን ያበላሻል ብሎ የሚያስብ ሰው የጆን ብራውኒንግን ኮልት ያስታውስ። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1911 ከመቀበሉ በፊት በሁለት ቀን ውስጥ 6,000 ጥይት ተተኩሶበታል፤ ሲግል ውኃ ውስጥ እየነከሩ ያበርዱት ነበር። ሽጉጥን ይበልጥ የሚጎዳው ከተተኮሰ በኋላ የሚረሳበት ጊዜ ነው። በቆዳ ማህደሩ ውስጥ ዘግቶ ማኖር ክረምቱን ሙሉ እርጥበት ማስታቀፍ ነው። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት የሚፍቅ ሰው ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀውን ጥቁር ሽፋን አብሮ ያነሳል። ቃታው እንዲቀል ብሎ መንጠቆውን በሞረድ የሚነካ ደግሞ ሽጉጡን ቀጥሎ ለሚይዘው ሰው አደጋ ያስቀምጣል፤ ያ ሥራ ፈቃድ ላለው ባለሙያ ይተው።

ከተኩስ የተመለሳችሁ ምሽት ሌላ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ውኃ ጣዱ። አፈሙዙን እጠቡ፣ አድርቁ፣ ስስ ዘይት ቀቡ፤ መርፌዋን ግን ደረቅ አድርጋችሁ መልሱ።