ኮምፒውተሩ ራሱን ሲጠብቅ

የኔትወርክ ካርድ ፓኬት ሲደርሰው ፕሮሰሰሩ እስኪጠይቀው ድረስ አይታገስም። ኢንተራፕት የሚባለውን ምልክት ይልካል፤ ፕሮሰሰሩም የያዘውን ሥራ ባለበት አቁሞ ወደ ካርዱ ጉዳይ ይዞራል። ይህን የሚያስተናግደው ፕሮግራም ድራይቨር ነው። ድራይቨር የሚሠራው የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት በሆነው በከርነል ውስጥ ስለሆነ፣ እሱ ሲሳሳት ማሽኑ በሙሉ ሊወድቅ ይችላል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2001 ባወጡት ጥናት፣ በሊኑክስ ድራይቨሮች ውስጥ አንዳንድ ዓይነት ስህተቶች ከቀረው የከርነል ክፍል ከ3 እስከ 7 እጥፍ በዝተው ተገኝተዋል። ከእነዚህ ሁሉ እጅግ አታላይ የምላቸው የቁልፍ ስህተቶችን ነው።

ድራይቨሩ የሚላኩትን ፓኬቶች ወረፋ ያስይዛል። ፕሮግራሞች በላኪው ፋንክሽን በኩል አዲስ ፓኬት ይጨምራሉ፤ ካርዱ ልኮ ሲጨርስ ደግሞ የኢንተራፕቱ አስተናጋጅ ከወረፋው ይቀንሳል። ሁለቱ እኩል ከነኩት ቆጠራው ይዛባል። ስለዚህ ወረፋው ቁልፍ ይበጅለታል፦ ቁልፉን የያዘ ይሠራል፣ ሌላው ይጠብቃል። እንዲህ ባለ ቦታ የሚሠራበት ስፒንሎክ የሚባለው ነው። ስፒንሎክ ጠባቂውን አያስተኛውም፤ «ተለቀቀ? ተለቀቀ?» እያስባለ በሚሠራበት የፕሮሰሰር ኮር ላይ ያሽከረክረዋል። ጥበቃው የቅጽበት ከሆነ ተኝቶ ከመነሳት ይህ ይፈጥናል።

አሁን ላኪው ቁልፉን ይዞ ወረፋው ላይ እየጻፈ ሳለ በዚያው ኮር ላይ ኢንተራፕት መጣ እንበል። ላኪው ባለበት ይቆማል፤ ቁልፉ ግን እጁ ላይ ነው። አስተናጋጁ ያንኑ ቁልፍ ይጠይቃል፣ ያጣዋል፣ መሽከርከር ይጀምራል። ላኪው ቁልፉን የሚለቀው ወደ ሥራው ሲመለስ ነው፤ ወደ ሥራው የሚመለሰው አስተናጋጁ ሲጨርስ ነው፤ አስተናጋጁ የሚጨርሰው ቁልፉ ሲለቀቅ ነው። ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ደጃፍ ላይ ከፋች የሚጠብቅ ሰው ማለት ነው። ያ ኮር ከዚያ በኋላ አይመለስም።

ጥገናው ጥቂት ፊደል ነው። በላኪው ውስጥ ተራው «ስፒን ሎክ» በነበረበት ቦታ «ስፒን ሎክ አይአርኪው ሴቭ» ይገባል። ይህኛው ቁልፉን ከመያዙ በፊት በዚያ ኮር ላይ ኢንተራፕቶችን ያግዳል፤ ቀድሞ ክፍት ወይስ ዝግ እንደነበሩም ይመዘግባል። ምዝገባው ዋዛ አይደለም። ላኪውን የጠራው ኮድ ራሱ ኢንተራፕቶችን አግዶ ከነበረ፣ ሲጨርሱ ዝም ብሎ መክፈት የእሱን ጥበቃ ያፈርሳል።

ከባዱ ስህተቱን ማግኘቱ ነው። ኢንተራፕቱ በሌላ ኮር ላይ ቢያርፍ አስተናጋጁ ጥቂት ተሽከርክሮ ቁልፉን ያገኛል፤ ማንም ምንም አይሰማም። ማሽኑ የሚደርቀው ኢንተራፕቱ በዚያው ኮር ላይ፣ ያውም ቁልፉ በተያዘባት ቅጽበት ከደረሰ ብቻ ነው። ድራይቨሩ በተጻፈበት ጠረጴዛ ላይ ለወራት ያልታየው ነገር ሥራ በበዛበት ሰርቨር ላይ በመጀመሪያው ቀን ብቅ ሊል ይችላል። ለመመርመር ተብሎ መልእክት የሚያትም መስመር ሲጨመር ደግሞ የጊዜው አሰላለፍ ይቀየርና ስህተቱ ይሰወራል።

ዕድል ከቀናና ማሽኑ ከፈቀደ ዎችዶግ የሚባለው የሊኑክስ ጠባቂ ይደርሳል። አንድ ኮር ለ10 ሰከንድ ያህል ኢንተራፕት ሳይቀበል ከቆየ፣ ሊታገድ በማይችል ልዩ ኢንተራፕት ገብቶ ኮሩ ምን ላይ እንዳለ ዘርዝሮ ያትማል። ዝርዝሩ ከታች ወደ ላይ ይነበባል፦ ከታች ላኪው ፋንክሽን፣ ከሱ በላይ የኢንተራፕት መግቢያ፣ ቀጥሎ የዚያው ድራይቨር አስተናጋጅ፣ ከአናቱ ቁልፍ የሚጠይቀው መስመር። አንድ ድራይቨር ከኢንተራፕቱ በታችም በላይም ከታየ፣ ምርመራው ከሞላ ጎደል አልቋል።

እኔ ግን ከሁሉ የማደንቀው ሎክዴፕን ነው። ኢንጎ ሞልናር የጻፈውና በ2006 በሊኑክስ 2.6.18 የገባው ይህ መሣሪያ ማሽኑ እስኪደርቅ አይጠብቅም። እያንዳንዱ ቁልፍ በምን ሁኔታ እንደተያዘ ይመዘግባል። ቁልፉ ዛሬ ኢንተራፕት ክፍት ሆኖ ከተያዘ፣ ነገ ደግሞ በኢንተራፕት ውስጥ ከተያዘ፣ ሁለቱ አንድም ቀን ባይገጣጠሙ እንኳ ያስጠነቅቃል። ቅደም ተከተልንም ያያል፤ አንዱ መንገድ «ሀ»ን ይዞ «ለ»ን፣ ሌላው «ለ»ን ይዞ «ሀ»ን ከጠየቀ ያጋልጣቸዋል። ማሽኑን ስለሚያዘገይ በተጠቃሚዎች ኮምፒውተር ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይበራም። ድራይቨር የሚጽፍ ሰው ግን እሱን አብርቶ ሳይፈትሽ ሥራዬን ጨረስኩ ሊል አይገባም።

ቃል በመቀየር ብቻ የማይጠገኑ የቁልፍ ስህተቶችም አሉ። መሣሪያ ሲነቀል የማስወገጃው ፋንክሽን ሙቴክስ የሚባለውን የቁልፍ ዓይነት ይዞ የድራይቨሩ የጀርባ ሥራ እስኪያልቅ ይጠብቃል፤ የጀርባ ሥራው ደግሞ ለማለቅ ያንኑ ሙቴክስ ይፈልጋል። እዚህ ላይ ቁልፉን ማንሳት ያጓጓል፤ መድረቁም ይቀራል። በምትኩ ግን የጀርባ ሥራው የተለቀቀ ሜሞሪ መንካት ይጀምራል፤ ይህ ደግሞ ከመድረቅ የባሰ ነው። የሚበጀው «መሣሪያው ሄዷል» የሚለውን ምልክት ቁልፉን ይዞ ማስቀመጥ፣ አዲስ የጀርባ ሥራ እንዳይታዘዝ በዚሁ መከልከል፣ ቁልፉን መልቀቅ፣ መጠበቁን ከዚያ በኋላ ማድረግ ነው።

በ2022 መጨረሻ የወጣው ሊኑክስ 6.1 ራስት ለተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በር ከፍቷል። በራስት ዳታው የሚቀመጠው በቁልፉ ውስጥ ስለሆነ ቁልፉን ሳይዙ መንካት አይቻልም፤ ቁልፉን መልቀቅ ረስቶ መውጣትም ይቀራል። ሁለት ቁልፎችን በተጣረሰ ቅደም ተከተል ከመያዝ ግን ቋንቋው አያግድም። በዚህም ምክንያት በከርነል ውስጥ ያሉት የራስት ቁልፎች እንደ ሌሎቹ ሁሉ በሎክዴፕ እንዲመዘገቡ ተደርገው ተሠርተዋል።