ኦስሞሲስ፦ ከድንች እስከ ድጓ
ኦስሞሲስ «መግፋት» የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። እዚህ ደብረ ታቦር ዙሪያ ከሚበቅለው የፋርጣ ድንች ቆርጠን ጨው በበዛበት ውኃ ብንዘፈዝፍ ይልፈሰፈሳል፤ ውኃ የሕዋሱን መርጦ አሳላፊ ስስ ሽፋን አልፎ፣ የሟሟ ነገር ወደሚበዛበት ወገን ይሄዳልና።

በዘይቤያዊ አነጋገር ግን ነገሩን እንገለብጠዋለን። ክፍል ውስጥ ለተቀመጠ ሁሉ፣ ከሞላው መምህር ወደ ባዶው ተማሪ ዕውቀት ያለ ድካም የሚሠርግ ይመስለናል። በሕዋስ ዓለም ውኃን የሚስበው ግን ባዶው አይደለም፤ ብዙ የሟሟ ነገር የያዘው ነው።

የጋይንቷን ቤተልሔም፣ የድጓውን ምስክር ቤት አስቡ። ተማሪው ከመምህሩ አፍ ይሰማል። ወደዚያ የሚሄደው ግን ባዶውን አይደለም፤ ጾመ ድጓንና ድጓን አስቀድሞ ተምሮ ነው። እኔ ዘይቤውን የምቀበለው ለእንዲህ ያለው ተማሪ ሲነገር ነው።