የመስኖ ተራና የመቆጣጠሪያው ሰዓት

በአርባ ምንጭ ዙሪያ ሙዝ በመስኖ የሚያለሙ ማኅበራት ፓምፑን በዋይፋይ ለሚሠራው አነስተኛ መቆጣጠሪያ፣ ለኢኤስፒ 32፣ ከማስረከባቸው በፊት ሰዓቱን እንዲመረምሩ እናሳስባለን። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ መሣሪያው ቀኑን ስለሚረሳ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይቆጥራል፤ ትክክለኛውን ጊዜ የሚያገኘው ከኢንተርኔት የሰዓት ሰርቨር ነው። ሰርቨሩ የሚልከው የዓለም አቀፉን ሰዓት በመሆኑ 10,800 ሴኮንድ፣ ማለትም 3 ሰዓት፣ ይደመርበታል። ይህም ገና የገበሬው ሰዓት አይደለም። ሰርቨሩ 3፡00 ሲል መሣሪያው 6፡00 ይላል፤ ለገበሬው ግን ንጋት 12 ሰዓት ነው። በተራ መዝገቡ ላይ ያለውን 12 እንዳለ ብናስገባው ውሃው በቀትር ይለቀቃል፤ የሌላውንም ተራ ይሻማል። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቀበሌ ዲኤስ 3231 የተባለው ባለባትሪ ሰዓት ይጨመር። ጊዜው እስኪስተካከል ድረስ ፓምፑ ከቶ እንዳይነሳ ማዘዝ ይገባል።