ሥርዓቱ የተለየው ጽዋና ቅጠል

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን፥ ከአንድ ከፍተኛ ትምህርት ቤት በር ፊት ለፊት ባለችው ባለ አንድ ክፍል የጭቃ ቤት ውስጥ፥ መስኮቱ በብርድ ልብስ ተጋርዶ፥ ፍራሹ በግድግዳው ዙሪያ ተነጥፎ፥ ዕጣኑ እየጤሰ፥ ለውዙና ውኃው በየሰዉ ፊት ቀርቦ፥ ዕድሜያቸው ከዐሥራ ስምንት እስከ ሃያ ሦስት የሚገመት ዘጠኝ ወጣቶች ጫማቸውን ደጅ አውልቀው ለበርጫ ይቀመጣሉ። በመጀመሪያው ሰዓት ቅጠል ከመቀንጠብ በቀር ብዙ ቃል አይሰማም። ምርቃናው ሲመጣ ግን ቤቱ በአንድ ጊዜ ይሞቅና፥ አንደኛው በሲጋራ ፓኬት ጀርባ ላይ የዶሮ እርባታ ወጪና ገቢ ሲያሰላ፥ ሁለተኛው ገና ያልጀመረውን የመመረቂያ ጽሑፍ ምዕራፍ በምዕራፍ ሲያወርደው፥ ሦስተኛው አባቱን ይቅርታ ለመጠየቅ ነገ ጧት ወደ አገሩ እንደሚሳፈር ሲምል የሚሰማ ሰው፥ ከዚህ ቤት ነገ ተሠርቶ የማያልቅ ነገር ያለ አይመስለውም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጨዋታው እየሳሳ ይሄዳል፤ ገራባው ይከመራል፤ ዐይን ሁሉ ወለል ላይ ይተከላል፤ የዶሮ እርባታው ሒሳብ የተጻፈበት ፓኬትም ከገራባው ጋራ ተጠርጎ ይወጣል። ከዚያም ገንዘብ የተረፈው «ጨብሲ» ብሎ ይነሣል፤ ይኸውም ቅጠሉ ያነቃውን አእምሮ በድራፍት ወይም በአረቄ ለማስተኛት ነው። በማግሥቱ በዚያው ሰዓት ሐራራው እየነዳ ወደዚያው ፍራሽ ይመልሳቸዋል።

ይህን ያየሁት የአንዲት ጎረቤቴን ልጅ ፍለጋ በገባሁበት ቀን ነው፤ ወደ እርሱና ወደ እናቱ በኋላ እመለሳለሁ። ስለዚህ ነገር ሲነሣ ከአዋቂዎች አፍ ቀድሞ የሚወጣው ፍርድ «የዛሬ ልጅ ባለገ» የሚል ነው። እኔ ግን ነገሩን እየመረመርሁት ስሄድ የደረስሁበት ሐሳብ ከዚህ የተለየ ነው፤ ጽዋውም ቅጠሉም ከአባቶቻችን ዘመን የነበሩ ሲሆኑ፥ የእኛ ዘመን ያደረገው ነገር ቢኖር በዙሪያቸው የነበረውን ሥርዓት ገፎ፥ ዕርቃናቸውን የቀሩትን ነገሮች ለገበያ ማውጣት ነው፤ ይህንም ያደረገው ልጁ ሳይሆን አዋቂው ነው።

ጫት ለአገራችን እንግዳ አለመሆኑን የዐፄ ዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ይመሰክራል፤ በ14ኛው መቶ ዘመን የይፋቱ ገዥ ሰብረ ዲን በንጉሡ ላይ በተነሣ ጊዜ፥ በንጉሡ ከተማ ጫት እንደሚተክል ዝቶ እንደ ነበረ በዚያ ተጽፏል። ከሐረር ምድር እስከ ወሎ ቅጠሉ የኖረው ከጸሎት ጋራ ነው። በወሎ ሐድራ ላይ ሽማግሌው ሳይመርቅ ቅጠል አይነካም፤ ዱዓው ሲጀመር ይጀመራል፥ ዱዓው ሲያበቃም ይበቃል፤ ምርቃና የሚለው ቃል ከምርቃት ጋራ ሥሩ አንድ መሆኑን የሚያዳምጥ ጆሮ ሁሉ ያስተውለዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 የአእምሮ ሐኪሙ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም ከባልደረቦቻቸው ጋራ ስለ ቡታጅራ ያወጡት ጥናት ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው፤ ከተጠየቁት 10,468 ሰዎች እኩሌታው በዚያን ጊዜ ጫት የሚቅም ሲሆን፥ ከቃሚዎቹ መካከል በየቀኑ የሚቅመው ግን 17.4 በመቶ ብቻ ነበር፤ ከአምስቱ ቃሚዎች አራቱም የሚቅሙት ለጸሎት ልባቸውን ለመሰብሰብ መሆኑን ተናግረዋል። ግማሽ ሕዝብ የሚቅምበት አገር ሆኖ ሳለ የዕለት ተዕለት ቃሚው ከአምስት አንድ እንኳ ሳይሞላ መቅረቱ የቅጠሉን ደግነት ሳይሆን የሥርዓቱን ኀይል የሚያሳይ ይመስለኛል።

የጽዋውም ነገር እንዲሁ ነው። በጻድቁ ወይም በሰማዕቱ ወርኀዊ በዓል የሚጠጣው የማኅበር ጠላ የራሱ ቀን፥ የራሱ ልክ፥ የራሱ ሹም ነበረው፤ ካህኑ ካልባረከው አይቀዳም፤ ሙሴው ተራውን ይጠብቃል፤ ከመጠን ያለፈ ሰው በማኅበርተኛው ፊት ይወቀሳል፥ ይቀጣልም። በዚያ ቤት ወጣቱ ልጅ የተመደበለት ቦታ የአሳላፊነት ነበር፤ ማንቆርቆሪያውን ይዞ ቆሞ ሲያሳልፍ፥ የሚጠጡትን ሽማግሎች ያያል፥ መጠናቸውንም ይማራል። ይህን ስል ያለፈው ዘመን ሁሉ ንጹሕ ነበረ ማለቴ አይደለም፤ ከጠላ ቤት እየተንገዳገደ ገብቶ ሚስቱን የሚደበድብ ባል በዚያም ዘመን ነበረ፥ ዋይታውንም የሰማነው ሰዎች ገና በሕይወት አለን። ነገር ግን ያ ሰው የሚጠራው በስሙ ነበር፤ ጎረቤቱ ያውቀዋል፥ የንስሐ አባቱ ይገሥጸዋል፥ ዕድሩም ይታዘበዋል። ዛሬ ከፍራሹ ላይ የተቀመጠውን የሃያ ዓመት ልጅ በስሙ የሚያውቀው ባለሱቁ ብቻ ነው።

ቅጠሉ እንዴት ወደ ገበያ እንደ ወጣ ለመረዳት ባሕርይውን ማወቅ ያሻል። በትኩስ ጫት ውስጥ ያለውንና ካቲኖን የሚባለውን አነቃቂ ንጥረ ነገር የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1975 ለይቶ አውጥቶታል፤ ይህ ንጥረ ነገር ቅጠሉ ከተቀነጠሰ በኋላ በሁለት ቀን ያህል ጊዜ ኀይሉ ወደ ደከመ ሌላ ነገር ይለወጣል። ስለዚህ የጫት ንግድ ሁሉ ከሰዓት ጋራ የሚደረግ እሽቅድምድም ነው፤ ሕዝቡ «አልቃይዳ» ብሎ የሰየማቸው አይሱዙዎች በሌሊት እንደዚያ የሚከንፉት፥ በመንገድ ዳር ያለ መንገደኛም ጥሩምባቸውን ሰምቶ ወደ ቦይ የሚዘለው በዚህ ምክንያት ነው። መንገድና መኪና ከመስፋፋታቸው በፊት ቅጠሉ ከበቀለበት አውራጃ ብዙ አይርቅም ነበር፤ ዛሬ የአወዳዩ በዕለቱ ጅቡቲና ሶማሊያ ይደርሳል፥ የወንዶው፥ የባሕር ዳሩና የበለጬው ደግሞ በአዲስ አበባ የየሰፈሩን ሱቅ ይሞላል። ገበሬውን ልወቅሰው አልችልም፤ የቡና ዋጋ በወደቀ ጊዜ፥ በዓመት አንድ ጊዜ የሚለቀመውን ቡና ነቅሎ በዓመት ደጋግሞ የሚቆረጠውን ጫት የተከለ አባወራ፥ ልጆቹን ያስተማረው በዚያ ነው። መንግሥትም ቅጠሉን በግብር መዝገብ ላይ አሳምሮ ያውቀዋል፤ በአዋጅ ቁጥር 767/2004 የጫት ኤክሳይዝ ታክስ ደንግጎበታል፥ ከውጭ ንግዱም ብዙ ምንዛሪ ያገኛል።

እውነቱን ላለመሸፋፈን፥ የዓለም የጤና ድርጅት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2006 ነገሩን መርምረው ጫት በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር ይዋል አላሉም፤ ብሪታንያ ግን እ.ኤ.አ. በ2014 ከልክላዋለች። ተዉት ያሉትም ከለከልን ያሉትም ቅጠሉን ለየብቻው አይተው የፈረዱት ይመስለኛል። የእኛ ወጣት ግን ቅጠሉን ለየብቻው አይወስድም፤ ከሲጋራ፥ ከሺሻ፥ ከጨብሲ ጋራ አጣምሮ ነው፤ ጉዳቱም በጥምረቱ ውስጥ ነው። አንዱ እንቅልፍ ይነሣል፥ ሌላው እንቅልፍን በግድ ያመጣል፥ በሁለቱ መካከል የሚጎተተው ገና ተገንብቶ ያላለቀ የወጣት አእምሮ ነው።

ስለ መጠጡ የሆነው ደግሞ እንዲህ ነው። የጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ የተቋቋመው በ1915 ዓ.ም. ሲሆን፥ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ቢራ የከተሜው መጠጥ ሆኖ ቆየ። በ2003 እና በ2004 ዓ.ም. የሐረር፥ የበደሌና የሜታ ፋብሪካዎች ለውጭ አገር ኩባንያዎች ከተሸጡ በኋላ ግን ውድድሩ ወደ ሬዲዮኑ፥ ወደ ቴሌቪዥኑና ወደ ኳስ ሜዳው ገባ፤ እንቁጣጣሽ መጣ ሲባል ከአደይ አበባው ጋራ ጠርሙሱ ይመጣል፥ ልጆቻችንም የቢራ ማስታወቂያ ዜማ ከፊደል አስቀድመው መዘመር ጀመሩ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ለዚህ ልጓም አበጀ፤ የቢራ ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተላለፍ፥ በመንገድ ሰሌዳም እንዳይሰቀል፥ መጠጥም ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንዳይሸጥ ከለከለ፤ ሺሻንም አገደ። ይህ ሕግ ከልቤ የማመሰግነው ሕግ ነው፤ ማስታወቂያው ከቤታችን ወጥቷልና። ስለ ዕድሜው የተጻፈው አንቀጽ ግን በየግሮሰሪው በር ላይ ቆሞ ቀርቷል። አንድ ልጅ የደንብ ልብሱን ለብሶ፥ ደብተሩን ይዞ ድራፍት ቤት ሲገባ መታወቂያ አሳይ ያለውን አሳላፊ እስከ ዛሬ አላየሁም። ጫትን በሚመለከት ደግሞ በስንት ዓመቱ ልጅ ይሸጥ፥ ከትምህርት ቤት በስንት ክንድ ይራቅ የሚል በሥራ ላይ ያለ ልጓም በሰፈራችን አይታይም።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ወንዶች 27 በመቶው፥ ከሴቶቹም 12 በመቶው ጫት ቅመው እንደሚያውቁ፥ መጠጥ የቀመሱት ደግሞ ከወንዶች 46፥ ከሴቶች 35 በመቶ መሆናቸውን መዝግቧል። ስለ ሴቶቹ የተጻፈው ቁጥር ብዙ ሊያሳስበን ይገባል፤ ሴት ልጅ ስትቅም ነውሩ እጥፍ ስለሚሆንባት ከወንዱ ይልቅ ተደብቃ ትቅማለችና፥ ስትታመምም ተደብቃ ትታመማለች።

አሁን ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። እንጀራ እየሸጠች ልጇን ለምሕንድስና ትምህርት ያበቃች፥ በመመረቂያው ቀን እልልታዋ ከሰፈር ሰፈር የተሰማላት ሴት ናት። ልጇ ተመርቆ ሥራ ሲፈልግ ሁለት ዓመት ሆነው፤ ጧት የማስታወቂያ ሰሌዳ ሲያነብ ያረፍድና፥ ከሰዓት በኋላ ሰሌዳው ሲያልቅበት ወደ ፍራሹ ይሄዳል። ሥራ የሌለው ሰው ሸክሙ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጧትማ ተስፋ አለ፤ በርጫውም የሚሞላው ይህን ባዶ ሰዓት ነው። አንድ ማክሰኞ ቀን እትዬ ከገበያ ስትመለስ የኤሌክትሪክ ምጣዷን አጣችው። ማን እንደ ወሰደው አልጠየቀችም፤ ወደ ዕቃ ገዢው ሄዳ፥ የገዛ ምጣዷን በተሸጠበት ዕጥፍ ዋጋ ገዝታ፥ በጀርባዋ አዝላ ተመለሰች። በር ላይ አግኝቻት ተቀብያት ሳስገባላት «እትዬ፥ ሐኪም ዘንድ ወስደውት ያውቃሉ?» አልኋት። «ምን ብዬ ልውሰደው፥ ልጄ? እብድ ነው ብዬ?» አለችኝ። ጠበል ግን ወስዳዋለች፤ ሁለት ሱባዔ አብራው ከርማለች፥ በዚያም ሰነበተ፥ ፊቱም ጠራ፤ ሲመለስ የጠበቀው ግን ያው ባዶ ከሰዓት በኋላና ያው ፍራሽ ነበር።

ይህች እናት ብቻዋን አይደለችም። በዐማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል በር ላይ ማልዶ የቆመ ሰው ልጆቻቸውን በነጠላቸው ጫፍ እንደ ሕፃን ይዘው የሚጠብቁ እናቶችን ያያል፤ ከየክፍለ ሀገሩ በአውቶቡስ ሌሊቱን ሲጓዙ ያደሩ ናቸው። ሱስ በሽታ ነው፥ በሽታም ይታከማል፤ ይህን ሐኪሞቹ ይናገራሉ፥ የዳኑትም ይመሰክራሉ። ጠበሉን ትተው ወደ ሐኪም ይሂዱ አልልም፤ ካህኑና ሐኪሙ አንዱ የሌላውን በር ለሕመምተኛው ቢያሳዩት ግን ያች ሴት ሁለት ዓመት ባልጠፋባት ነበር። ከፈውሱም በኋላ ልጁ የሚውልበት ሥራ፥ የሚገባበት ቤተ መጻሕፍት፥ የሚጫወትበት ሜዳ ካላገኘ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። በልጅነቴ ኳስ የተጫወትሁባቸው ሦስት ሜዳዎች ዛሬ ሦስቱም ሕንፃ ናቸው፤ ከሁለቱ ምድር ቤትም ድራፍት ይቀዳል።

ልጁን ከዚያ ፍራሽ አንሥቼ ወደ ቤቱ ስመልሰው፥ መጀመሪያ እንዴት እንደ ቀመሰ በመንገድ ላይ ጠየቅሁት። ነገሩ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የተማረው ይመስለኝ ነበር። እርሱ ግን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ ከሰዓት በኋላ ጫት እንዲገዛለት ይልከው እንደ ነበር፥ ባለሱቋም ፈጥኖ እንዲመላለስላት አንድ ዘለላ በምራቂ ትሰጠው እንደ ነበር፥ ያንንም በመንገድ እየበላ ይሮጥ እንደ ነበር ነገረኝ። አባቱ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነፍሱን ይማረውና፥ በሰፈሩ የተከበረ ሠራተኛ ነበር። ልጅን መላክ በእኛ ዘንድ የጨዋ አስተዳደግ ምልክት ስለ ሆነ፥ የሚላክበትን ዕቃ የሚያስብ የለም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ አዋጁን የሚያስፈጽመው አካል በየበሩ እስኪቆም ድረስ ከአንተ እጅ የማይወጣ አንድ ነገር አለ። ዛሬ ማታ ቢራው፥ አረቄው፥ ሲጋራው ወይም ቅጠሉ ባሰኘህ ጊዜ ልጅህን አትላከው፤ ተነሥተህ ራስህ ሂድ።