ለሕትመትና ለኢንተርኔት ሥዕልን በስካነር ስለ ማንሣት

ለክቡራን አስተዳዳሪዎች፣ ለወረዳ ሹማምንትና ለባለ ይዞታዎች፤

በመሐል ሜዳ አቅራቢያ ያለውን የጓሳ ደጋ የመንዝ ሰው ከጥንት ጀምሮ በአባቶች ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። ሣሩን ለጥቂት ዓመታት ከልክሎ ያቆየውና በተፈቀደው ጊዜ ለቤት ክዳንና ለገመድ ያጭደው ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን በታወጀ ጊዜ ያ ሥርዓት ተናጋ፤ ኋላም ሕዝቡ ተማክሮ ጥበቃውን በአዲስ መልክ አቆመው። ሣሩ ቀድሞ እስከ ምን ድረስ እንደ ነበረ ለመመስከር የሽማግሌዎች ቃል ቢኖርም፣ በየሣጥኑ የተቀመጠ የቆየ ፎቶግራፍና በእጅ የተነደፈ የወሰን ሥዕል ታላቅ ረዳት ነው። ነገር ግን ወረቀት ይደበዝዛል፣ በእርጥበትም ይበላሻል። ስለዚህ በስካነር አንሥቶ በኮምፒዩተር ማኖር ይገባል፤ ልኩን ሳያውቁ ያነሡት እንደ ሆነ ግን ምስክርነቱ ይጠፋል።

ስካነር ሥዕሉን በጥቃቅን ነጥቦች ከፍሎ የእያንዳንዱን ነጥብ ቀለም ይመዘግባል። ልኩም በአንድ ኢንች፣ ማለት በ2.54 ሳንቲሜትር ርዝመት፣ ስንት ነጥብ እንደ ተነሣ ይቈጠራል። ያልተዘራ እንደማይታጨድ ሁሉ፣ በመጀመሪያ ያልተነሣ ነጥብም ኋላ ሥዕሉን በማስፋት አይገኝም።

ለማተሚያ ቤት የሚሄድ ፎቶግራፍ፣ በሚታተምበት መጠን ሲለካ በኢንች 300 ነጥብ ይበቃዋል። ለምሳሌ 4 በ6 ኢንች የሆነው ፎቶግራፍ በዚያው መጠን ለመታተም በ300 ቢነሣ 1200 በ1800 ነጥብ ይሆናል። እጥፍ ሆኖ በ8 በ12 ኢንች እንዲታተም ቢታሰብ ግን በ600 መነሣት አለበት። ይኸው ፎቶግራፍ በ72 ቢነሣ 288 በ432 ነጥብ ብቻ ይሆናል፤ በ300 ልክ ሲታተምም ከ2.5 በ3.7 ሳንቲሜትር አይበልጥም። በዚህ መጠን የሣሩ ወሰን ይቅርና ተራራውም በቅጡ አይለይም።

የወሰን ንድፍ፣ የእጅ ጽሑፍና ማኅተም መስመራቸው ቀጭን ስለ ሆነ ለሕትመት ከ600 እስከ 1200 ይነሡ። ወርዱ 36 ሚሊሜትር የሆነው ነጋቲቭ በ2400 ቢነሣ እስከ 28 ሳንቲሜትር ወርድ ድረስ ሰፍቶ ለመታተም ይበቃል። ከጋዜጣ የተገኘ ሥዕል ግን የማተሚያው ነጥብና የስካነሩ ነጥብ ተጋጭተው ሞገድ የመሰለ ጥላ ያወጣሉና፣ ዋናው ፎቶግራፍ ካለ እርሱ ይፈለግ።

በኢንተርኔት ለሚታይ ሥዕል የሚጠየቀው የኢንቹ ቁጥር ሳይሆን ጠቅላላው የነጥብ ብዛት ነው። ወርዱ 1200 ነጥብ ያህል ከሆነ በስልክም በኮምፒዩተርም መልካም ሆኖ ይታያል። ለኢንተርኔት የግድ በ72 ይነሣ የሚባለውም ልማድ መሠረት የለውም። ያለ ልክ ማብዛትም ጉዳት አለበት፤ 300 የነበረው 600 ሲሆን ጠቅላላው ነጥብ አራት እጥፍ ይሆናልና፣ ኔትወርክ በሚደክምበት ወረዳ መልእክቱ ይዘገያል።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሥዕል ሁለት ቅጂ ይደረግ። አንደኛው በ600 ተነሥቶ፣ ምንም ሳይቀነስለት በቲፍ ዓይነት በመዝገብ ቤት ይቀመጥ። ሁለተኛው ለሚፈለገው ሥራ ተቀንሶ በጄፔግ ዓይነት ይላክ፤ ጄፔግ እየታረመ በተቀመጠ ቍጥር ጥራቱን ያጐድላልና ዋናው ቅጂ አይነካ። በቴሌግራም ሲላክም ፎቶ ተብሎ ከሆነ ስለሚቀነስ፣ በፋይልነት ይላክ። ቦታው፣ ዘመኑና ፎቶግራፉ የተነሣበት አቅጣጫም አብሮ ይጻፍ፤ ስፍራው ያልታወቀ ሥዕል በወሰን ነገር ምስክር ሊሆን አይችልምና።

ፎቶግራፉ ሳይደበዝዝ፣ ስፍራውንም የሚያውቁት ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ይህ ሥራ እንዲፈጸም የየወረዳው ሹም ይትጋ።