ፈጣን ቻርጅ ወይስ ቁጥብ መኪና? ሁለት የኤሌክትሪክ መኪኖችን ስናወዳድር



ለዒድ ወደ ቤተሰብ ስንሄድ ዘመድ የሚጠይቀን ጥያቄ ተቀይሯል። ድሮ "መቼ ነው የምትመረቀው?" ነበር። አሁን "አንተ የተማርክ ነህ፤ ከእነዚህ የኤሌክትሪክ መኪኖች የትኛው ይሻላል?" ሆኗል። ሀገራችን በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ጥያቄው የሁሉም ቤት ሆኗል። ጠያቂው ብዙውን ጊዜ የዓመታት ቁጠባውን ሊያወጣ የተዘጋጀ ሰው ነው፤ ምክር ደግሞ አማና ነው። ስለዚህ ሻጭ የሚጠራቸውን ሦስት ቁጥሮች ማንበብ እንወቅ፦ ርቀት፣ ፍጆታና የቻርጅ ፍጥነት።

ለምሳሌ ሁለት የታወቁ መኪኖችን እንውሰድ። አንዱ የ2024 ሞዴል ቴስላ ሞዴል 3 ነው፤ ረጅም ርቀት የሚሄደውና በአራቱም ጎማ የሚነዳው። ሌላው 77.4 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ያለውና በኋላ ጎማ የሚነዳው ሀዩንዳይ አዮኒክ 5 ነው።

ከሁሉ በፊት ሁለት ቃላትን እንለይ። ኪሎዋት ሰዓት በጀሪካኑ ውስጥ ያለው የውሃ መጠን ነው። ኪሎዋት ደግሞ ቧንቧው ውሃውን የሚያወርድበት ፍጥነት ነው። ባትሪ የሚለካው በመጀመሪያው፣ ቻርጀር በሁለተኛው ነው።

ርቀት

በአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ መለኪያ ቴስላው በአንድ ቻርጅ 549 ኪሎ ሜትር፣ አዮኒኩ 488 ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ። ግን ይህ ቁጥር በመለኪያው ይወሰናል። ይኸው ሞዴል 3 በአውሮፓ መለኪያ 629፣ በቻይና መለኪያ 713 ኪሎ ሜትር ተብሎ ተጽፎለታል። ባትሪው እንደ ፋብሪካው ትንሽ ቢለያይም የልዩነቱ ዋና ምክንያት የፈተናው ዓይነት ነው፤ የቻይናው ፈተና ዝግ ያለ የከተማ ጉዞ ይበዛበታል። ወደ እኛ ሀገር የሚገቡት አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ከቻይና የሚመጡ ስለሆኑ ሻጩ የሚነግረን ቁጥር ብዙ ጊዜ ከፍተኛው ነው።

ዳገትም አለ። ሁለት ሺህ ኪሎ የሚመዝን መኪና አንድ ሺህ ሜትር ሽቅብ ሲወጣ ለከፍታው ብቻ 5.5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ይህ በሜዳ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ የሚያስኬድ ኃይል ነው። ቁልቁል ሲወርድ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ ከፊሉን ወደ ባትሪ ይመልሳል እንጂ ሁሉንም አይመልስም። ከአዲስ አበባ ደሴ ለመሄድ ያሰበ ሰው ጣርማበርን ሳይቆጥር መነሳት የለበትም።

ፍጆታ

ቴስላው ለ100 ኪሎ ሜትር ወደ 16 ኪሎዋት ሰዓት፣ አዮኒኩ ወደ 18.5 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃሉ። ይህ ቻርጅ ሲደረግ የሚባክነውንም ኃይል ይጨምራል፤ ማለትም ቆጣሪው የሚቆጥረው ነው። አንዱ ትልቅ ምክንያት ቅርጽ ነው። ቴስላው 1.44 ሜትር ከፍታ ያለው ዝቅ ያለ መኪና ሲሆን አዮኒኩ 1.6 ሜትር ይደርሳል። መኪና በፈጠነ ቁጥር ከአየር ጋር የሚያደርገው ትግል ይከብዳል።

የቻርጅ ፍጥነት

እዚህ ላይ አዮኒኩ ይኮራል። 350 ኪሎዋት በሚሰጥ ቻርጀር ከ10 እስከ 80 በመቶ በ18 ደቂቃ ይሞላል። ምስጢሩ 800 ቮልት አካባቢ የሚሠራ ባትሪው ነው። ቮልቴጁ እጥፍ ሲሆን ለተመሳሳይ ኃይል የሚያስፈልገው ከረንት በግማሽ ይቀንሳል፤ በሽቦው ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ ወደ ሩብ ይወርዳል። ቴስላው 400 ቮልት አካባቢ ይሠራል፤ ከፍተኛው ፍጥነቱም 250 ኪሎዋት ነው።

ከ80 በመቶ በኋላ ግን ሁለቱም ይዘገያሉ። የጁሙዓ ቀን መስጂድን አስቡት። ቀድሞ የመጣ ሰው በቀጥታ ገብቶ ይቀመጣል፤ ሶፉ ሲሞላ ዘግይቶ የመጣው ክፍተት እየፈለገ ያልፋል። በባትሪው ውስጥ ያሉት የሊትየም ቅንጣቶችም እንዲሁ ናቸው። በግድ ከተገፉ ባትሪውን ይጎዳሉ፤ ስለዚህ መኪናው ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል።

አሁን ደቂቃውን ወደ ኪሎ ሜትር እንለውጠው። አዮኒኩ በ18 ደቂቃ ወደ 340 ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ኃይል ያገኛል። ቴስላው በ15 ደቂቃ ወደ 280 ኪሎ ሜትር ያገኛል። ሁለቱም በደቂቃ 19 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው! አዮኒኩ በቮልቴጅ ያገኘውን ብልጫ ቴስላው በቁጥብነቱ አካካሰው።

ቻርጀሩ ሲያንስስ?

አዮኒኩን 50 ኪሎዋት በሚሰጥ ጣቢያ ብንሰካው 18 ደቂቃው ከአንድ ሰዓት በላይ ይሆናል። ቧንቧው ቀጭን ከሆነ የጀሪካኑ አፍ ቢሰፋ ምን ይጠቅማል? ወደ ቤት ስንመጣ ደግሞ ጭራሽ ይለያል። 2.2 ኪሎዋት ከሚሰጥ የግድግዳ ሶኬት በአንድ ሌሊት አሥር ሰዓት ቻርጅ ብናደርግ 22 ኪሎዋት ሰዓት እናገኛለን። ይህ ቴስላውን ወደ 137፣ አዮኒኩን ወደ 119 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። 800 ቮልቱ እዚህ ምንም አልረዳም፤ ያሸነፈው ፍጆታ ነው።

ምን ብለን እንምከር?

ጠያቂያችን ሊገዛ ያሰበው ከእነዚህ ሁለቱ አንዱ ላይሆን ይችላል። መንገዱ ግን አንድ ነው። ሦስት ነገሮችን እንጠይቀው፦ ርቀቱ በየትኛው ሀገር መለኪያ ነው የተጻፈው? ለ100 ኪሎ ሜትር ስንት ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል? መኪናው የሚያድረው የት ነው፣ እዚያስ ምን ዓይነት መስመር አለ? ቤቱ ቻርጅ እያደረገ በከተማ ውስጥ ለሚሠራ ሰው የፈጣን ቻርጅ ቁጥር ብዙም አይጠቅመውም፤ ለፍጆታው ትኩረት ይስጥ። ከከተማ ከተማ የሚመላለስ ሰው ግን መኪናውን ከመምረጡ በፊት በመንገዱ ላይ የትኞቹ ጣቢያዎች እንዳሉና ስንት ኪሎዋት እንደሚሰጡ ያጣራ።

መልሱን የማናውቅ ከሆነ "አላውቅም፣ አብረን እናጣራ" ማለትም ምክር ነው። ወሰላሙ ዐለይኩም።